እጅ የማይደርስበት ጉሮሮ

ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሰው ስንቅ አይያዝ። እኔ ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ይዤ ሄጄ በአምስተኛው ቀን ሻግቶ አገኘሁት። የዚያ አገር ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ አልጋውን ለቆ ያስተኛል፤ የመጣችሁበትን አንዲት ነገር ግን አይነግራችሁም። ይህን የምጽፈው አዳማ ከተመለስኩ በኋላ፣ ከብስጭቴ ግማሹ በራሴ ላይ መሆን እንደነበረበት ከገባኝ ወዲህ ነው። ሌላው ግማሽ አሁንም በእነሱ ላይ ነው፤ አልደብቅም።

አዳማ ውስጥ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን እሠራለሁ። ስድስት ሆነን በአንድ ሼድ እንሠራለን፤ የሚለያየን ላሜራ ብቻ ነው። ማሽኑ ቀላል ነገር ነው። ጥርስ ያለው የብረት ከበሮ በሞተር ይዞራል፣ በቆሎው ከላይ በአፉ ይገባል፣ ፍሬው በወንፊት ይወርዳል፣ ቆረቆንዳው በጎን ይወጣል። ችግሩ አፉ ነው። አጭር ከሆነ ከበቆሎው ጋር እጅም ይገባል። ባለፈው ዓመት ከአርሲ ነጌሌ አለፍ ብላ የምትኖር ወይዘሮ ጫልቱ የምትባል ገበሬ የእኔን ማሽን ስታጎርስ ቀኝ እጇን ያዛት፤ ሦስት ጣት ወሰደባት። ሄጄ ጠየቅኳት። ሻይ አፍልታ በግራ እጇ ቀዳችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስሙ። በየማሽኑ አፍ ላይ በቀይ ቀለም «እጅዎን ይጠብቁ» ብዬ ጻፍኩ። አፉን ላስረዝም ሞከርኩ፤ ስናስረዝመው ጉሮሮ እንለዋለን። በቆሎው ጉሮሮው ውስጥ እየታነቀ ገበሬው ተማረረና በግራይንደር ቆርጦ ጣለው። ዘንድሮ ደግሞ አዝመራው ደረሰ። አጭር አፍ ያላቸው ማሽኖቼ በየአውድማው ቆመዋል፣ የሰው እጅም ያጎርሳቸዋል። በዚህ መሀል አንድ የእህል ጫኝ ሹፌር ፍኖተ ሰላም አቶ ገበየሁ የሚባሉ ሽማግሌ እንዳሉ፣ ማሽናቸው ጉሮሮው ረጅም እንደሆነና በቆሎ እንደማይታነቅበት፣ እስከ ዛሬም የማንንም እጅ እንዳልነካ ነገረኝ። በማግስቱ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን ገና ከቤቴ ሳልወጣ ነው። የአርሲ ገበሬዎች ማኅበር ማሽን እንድገዛ ልኮኝ ነው ብዬ ልናገር ወሰንኩ። ማሽን ሠሪ ነኝ ብል ማን በሩን ይከፍትልኛል?

ረቡዕ

አዲስ አበባ መናኸሪያ የማርቆስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ከሞላ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆመ። «ሞላ፣ ወጣን» ይባላል፣ አንድ ሰው ይጨመራል፣ እንጠጋጋለን፣ እንደገና «ወጣን» ይባላል። አዳማ ቢሆን ሰው ወርዶ ሌላ መኪና ይይዝ ነበር። እዚህ ተሳፋሪው ሁሉ ጾም ላይ ነውና ለመቆጣትም አቅም ያጣ ይመስላል።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ የሞተሩ ቺንጊያ ተበጠሰ። ሙቀቱ የአዳማ ሙቀት ነው፤ የእኛ ግን ቢያንስ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ አለው። ሹፌራችን መለዋወጫ አልያዘም። አንድ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስንበስል በቆሎ የጫነ ከባድ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ መጣ። ሹፌሩ በዚያ ዳገት ላይ ያን ሁሉ ጭነት አቁሞ ወረደ። ከወንበሩ ሥር አሮጌ ቺንጊያ አወጣ። ትንሽ ረዘመ። ዲናሞውን ገፋ አድርጎ እንዴት እንደሚወጠር ለሹፌራችን አሳየው፣ ራሱ እንዲሞክረው አደረገ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ። ስሙን እንኳ አልነገረንም። ይህን ሰው ልብ በሉልኝ፤ በቀሩት አራት ቀናት ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

በየፍተሻው እየወረድን እየወጣን ደብረ ማርቆስ ስንገባ መሽቶ ነበር። ሆቴሉ አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ሰጠኝ። አዳማ በአንሶላ የሚተኛ ሰው ማርቆስ ላይ ጃኬቱን ለብሶ፣ ካልሲውን አጥልቆ፣ ያም አልበቃ ብሎት መጋረጃውን አውርዶ ይተኛል። ጠዋት የሆቴሉ ሴትዮ መጋረጃው የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አዘነችልኝና አንድ ባልዲ የፈላ ውኃ አመጣችልኝ።

ሐሙስ

ከማርቆስ በአማኑኤል፣ በደምበጫና በጂጋ አድርጌ ከቀትር በፊት ፍኖተ ሰላም ገባሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ በየግቢው በቆሎ ተከምሯል። እኛ ጋ በቆሎ በጆንያ ነው የሚታየው፤ እዚህ ከቤቱ ጎን ሌላ ቤት ሆኖ ይቆማል። ባየሁት ክምር ቁጥር የስንት ሰው እጅ ሊያጎርሰው ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ በባጃጅ አቶ ገበየሁ ዘንድ ሄድኩ። ስድሳውን ያለፉ፣ በጣም ረጅም ሰው ናቸው፤ የመነጽራቸው እግር በኤሌክትሪክ ሽቦ ታስሯል። ሲጨብጡኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩትና ቆዩ። የጎጃም ሰላምታ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት። ገዢ ነኝ አልኩ። «እንኳን ደኅና መጡ» አሉኝና ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ አርሲ ከብት ጠየቁኝ። ስለ ማኅበሩ ግን አንድም ነገር አልጠየቁም።

ወርክሾፑ ከቤታቸው ጀርባ ነው። ማሽኑ መሀል ላይ ቆሟል፣ ከአናቱ እስከ እግሩ በሸራ ተሸፍኖ፣ ሸራው በገመድ ታስሮ። ልየው አልኩ።

«ብረት የትም አይሄድም» አሉኝ። «እህሉ ግን ይቀዘቅዛል።»

በላን። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናና ወጡን አቀረቡ፣ እርጎ ተከተለ፣ ማር ተከተለ። በቃኝ ስል «አፈር ስሆን» አሉኝ። ሁለተኛ በቃኝ ስል አቶ ገበየሁ አጎረሱኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደግመው አጎረሱኝ። ተነስተን ወደ ማሽኑ እንሂድ ስል ጎረቤት ሊጠይቀኝ መጣ፤ ጎረቤት ሲሄድ እራት ደረሰ። በመጨረሻም እንግዳ ሆቴል አያድርም ብለው ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸክመው አመጡት፤ ሽማግሌው ሻንጣ ይዘው ሲሄዱ ከኋላቸው ባዶ እጄን ስከተል የከተማው ሰው ሁሉ አየኝ። አልጋቸውን ለቀቁልኝ። ከግድግዳው ማዶ ሸራ የለበሰው ማሽን አለ። እንዲህ ተመችቶኝ እንዲህ የተቃጠልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዓርብ

ጠዋት አውድማ ላይ ያለ ሌላ ማሽናቸው ሲሠራ ላሳይዎት አሉኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በጋሪ ወጣን፣ ጋሪው የማይገባበት ስንደርስ በእግር ቀጠልን። አንድ የመስኖ ቦይ ስንሻገር አቶ ገበየሁ በዚያ ረጅም እግራቸው ተራመዱት፤ እኔ እስከ ወገቤ ገባሁበት።

የደረስንበት ቤት እመቤት እንዲህ ጨቅይቼ ስታየኝ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ሱሪዬን ተቀብላ አጥባ አጥር ላይ ሰጣችው፤ የባሏን አረንጓዴ ቁምጣ ሰጠችኝ። ከአዳማ የመጣው ገዢ በቁምጣ፣ ነጭ ቅልጥሙን አውጥቶ አውድማው ላይ ቆመ። ገበሬዎቹ በትሕትና ሌላ ሌላውን ያያሉ። ንፍሮና የተልባ ውኃ አቀረቡልኝ፤ ብርድ እንዳይመታኝ ብለው ጋቢም ጨመሩልኝ።

ከዚያ ማሽኑ ተነሳ። ሁለት ሴቶች ያጎርሱታል፤ በቆሎውን ጥለው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፣ እጃቸውን አያዩትም። ዓመት ሙሉ በሕልሜ የማየው ነገር እዚያ ነበር። ጉሮሮው ረጅም ነው፣ በቆሎው ዥው ብሎ ይወርዳል። ቀረብ ልል ስል አቶ ገበየሁ ጋቢያቸውን ዘርግተው ፊቴ ቆሙ። በግራ ዞርኩ፤ በግራ ዞሩ። በቀኝ ሄድኩ፤ «አቧራው ዓይንዎን እንዳይጎዳው» አሉኝ።

ያየሁት ግን ሁለት ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ሲሠራ መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ ይርገፈገፋል፤ ከበሮው የሚዞርበት ኩሽኔታ እየጋለ ውኃ ያፈሱበታል። ሁለተኛ፣ የሚወርደውን በቆሎ በመዳፌ ዘገን ሳደርግ ሩቡ ተሰብሯል። የተሰበረ በቆሎ ጎተራ ገብቶ ነቀዝ እንደሚጠራ ማንም ያውቃል። የቤቱ እመቤትም ይህንኑ አንስታ አማረረች፤ አቶ ገበየሁ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ወንፊቱን ባየሁት ቅጽበት ምክንያቱን አወቅኩት። ቀዳዳው ክብና ጠባብ ነው፤ ፍሬው ቶሎ ስለማይወጣ ከበሮው ደጋግሞ ይመታዋል። የእኔ ሞላላ ነው፣ ከበሮው በሚዞርበት አቅጣጫ የተኛ። ይህን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በቆሎውን መልሼ በተንኩት። ምንም አላልኩም። እሳቸው ጉሮሯቸውን በጋቢ ከሸፈኑ እኔ ወንፊቴን በነፃ የምሰጠው ለምንድነው? እንዲያውም ትንሽ ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ቅዳሜ

ቡሬ ሄድኩ። ሌላ መፈልፈያ ሠሪ እንዳለ አውድማው ላይ ሰምቼ ነበር። በማንኩሳ በኩል ሚኒባሱ አላስቸገረም፤ ቡሬ መናኸሪያ ስወርድ ግን ከወለጋ መንገድ በሚመጡት ጭነት መኪኖች መሀል ወርክሾፑን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መንገዱን በመንገር አይበቃውም፤ አብሮኝ ይሄድና እሱም ይጠፋል።

ሙላት የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። ለስምንት ዓመት የአቶ ገበየሁ በያጅ ነበር፤ እስከ ዛሬ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ወጥቶ የራሱን ሲከፍት ሽማግሌው ንድፌን ይዞ ሄደ ብለው ተቀየሙት። ማሽኑን በኩራት አሳየኝ። አፉ አጭር ነው። አፉ ላይ በቀይ ቀለም «እጅዎን ይጠብቁ» ተብሎ ተጽፏል።

ያን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው። ሁለት የማንተዋወቅ ሰዎች፣ ይህን ያህል አገር ተራርቀን፣ አንድ ዓይነት ቀለም ገዝተን ጥፋታችንን በገበሬው ላይ ጽፈናል።

ሰው ጎድቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቁ ጠፋ። እስካሁን የለም አለኝ፤ ግን አዝመራ በደረሰ ቁጥር ስልኩ ሲጮህ ለማንሳት እንደሚፈራ ነገረኝ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱ ከወጣ በኋላ የሠሩትን የየኔታን ጉሮሮ ከውስጥ አይቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። አላየሁም አልኩ።

ከበሮውን ሲያሳየኝ ግን አፌን ከፈትኩ። ማሽኑ ሲሠራ አይንቀሳቀስም። ሳንቲም በጎኑ አቁሞበት ሞተሩን አስነሳው፤ ሳንቲሙ አልወደቀም። እንዴት አልኩ። በኅዳር ሚካኤል አስማለኝ፤ ለየኔታ እንዳልናገር። ከዚያ ከበሮውን አውጥቶ ሻፍቱን በሁለት ቀጥ ባሉ ብረቶች ላይ አጋደመው። ከበሮው ቀስ ብሎ ተንከባሎ ከባዱ ጎኑ ከታች ሲሆን ቆመ። ከላይ በቀረው ቀላል ጎን ላይ በብየዳ ትንሽ ብረት ይጨምራል፤ የትም ቢያቆሙት እስኪቆም ድረስ። የአቶ ገበየሁን ኩሽኔታ የሚያቃጥለው የዚህ እጦት ነው። ሽማግሌው ውኃ ያፈሳሉ፣ ተማሪያቸው መድኃኒቱን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ተማሪው በየአዝመራው ይሸበራል፣ መምህሩ ጉሮሮውን በሸራ አስረዋል። በመካከላቸው ያለው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

«ለምን አትጠይቃቸውም?» አልኩት። እንዲያው ጮኼ ሳይሆን አይቀርም።

በየወሩ እንደሚገናኙ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። የአንድ ጽዋ ማኅበርተኞች ናቸው፣ የሚካኤል፤ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። በተጣሉ ሰሞን የንስሐ አባታቸው አስታርቀዋቸው፣ ዳግም እንዳይጋጩ ከጽዋው ቤት የብረት ወሬ እንዳይነሳ ደንብ አውጥተዋል። ሁለቱም ደንቡን ጠብቀዋል። ስድስት ዓመት።

«ነገ ተራው የየኔታ ነው» አለኝ። «እንገናኛለን።»

ማታ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ወይዘሮ እናና ዶሮ ሠርተው ጠበቁኝ። አቶ ገበየሁ ቡሬ እንዴት እንደሰነበተ ጠየቁኝ። ማንን እንዳየሁ አልጠየቁኝም። ሁለት እንቁላል አወጡልኝ።

እሁድ

የኅዳር ሚካኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ሙላት ገብቶ የአቶ ገበየሁን ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም ትከሻውን ሳሙት። ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔን መሀል አደረጉኝ። የንስሐ አባታቸው ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ፣ ጽዋው ዞረ።

ወሬው ስለ ዝናብ ሆነ። ስለ አንድ የጠፋ በሬ ሆነ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲነሳ ሁለቱም ብረት ሠሪዎች ደንቡ ትዝ ብሏቸው አቀርቅረው ጠላቸውን ጠጡ። በግራዬ ጉሮሮ፣ በቀኜ ከበሮ፣ በሆዴ ወንፊት ይዤ ተቀምጫለሁ። የዓባዩ ሹፌር ትዝ አለኝ። ሊያጎርሱኝ የዘረጉትን እጅ መለስኩ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ የምናገረው አለኝ» አልኩ ወደ ቄሱ። ተናገር አሉኝ።

ተናገርኩ። ገዢ አይደለሁም አልኩ። ማሽን ሠሪ ነኝ፤ ማሽኔ የአንዲት ሴት ሦስት ጣት በልቷል። የእሷን ስምና የግራ እጇን ሻይ ነገርኳቸው። ዛሬም አዝመራ ነው፣ ማሽኖቼ አውድማ ላይ ናቸው፣ እዚህ ስበላ የሰነበትኩት ጉሮሮውን ለማየት ነው፤ አራት ቀን ለመንኩ፣ አራት ቀን አበላችሁኝ አልኩ።

አቶ ገበየሁ የያዙትን እንጀራ መሶቡ ላይ መለሱ። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ሲሉኝ የነበሩት ሰውዬ እንዲህ አሉኝ፦

«ገዢ እንዳልሆንህ በመጣህ ዕለት አውቄያለሁ። እጅህ በብየዳ ተጠብሷል። እንግዳ ራሱ እስኪናገር አይጠየቅምና ጠበቅሁህ። ለመንሁ አልህ። የለመንኸው በሌላ ሰው ስም ነው። እኛ አገር ወንፈል የሚመጣ ሰው በሬውን ይዞ ነው የሚመጣ፤ ዛሬ ያንተን ያርሳሉ፣ ነገ የኔን። አንተ ባዶ እጅህን መጥተህ የኔን በሬ ልትነዳ ቆምህ። ዓርብ ዕለት የተሰበረውን በቆሎ ዘግነህ ፈገግ አልህ። መድኃኒቱን ታውቀዋለህ። ያች ሴትዮ ጎተራዋን ነቀዝ እንደሚበላባት ስትነግረን ያንተን ሱሪ አጥባ ነበር የሰጣች። ዝም አልሃት።»

ያች ሴት የሰጠችኝ ቁምጣ እንኳ ከሻንጣዬ ገና አልወጣም ነበር።

እዚያው ገበታው ላይ፣ በጣቴ በዳቦው ፍርፋሪ ላይ እየሣልኩ፣ ስለ ሞላላው ቀዳዳ ነገርኳቸው። ስፋቱን፣ ርዝመቱን፣ በየት አቅጣጫ እንደሚተኛ። ሁለት ዓመት የፈጀውን ነገር ጽዋው አንድ ጊዜ እስኪዞር ነግሬ ጨረስኩት። ቄሱ ስለ ደንቡ ምንም አላሉም። አቶ ገበየሁ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ነበሩ። ከዚያ ተነሱ።

«ሰንበት ነው፣ መዶሻ አይነሳም» አሉ። «ማየት ግን ሥራ አይደለም።»

ማኅበርተኛው ሁሉ ተከተላቸው። ገመዱን ፈቱ፣ ሸራውን ገፈፉት። እኔ ጉሮሮውን እንደ ጠርሙስ ማንቆርቆሪያ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ አድርጌ ነበር የሠራሁት፤ ለዚያውም አጋድሜ። የእሳቸው ከላይ ጠባብ፣ ወደ ከበሮው ሲወርድ እየሰፋ፣ ቁልቁል የቆመ ነው። የገባ በቆሎ የሚይዘው ነገር የለም። ፍሬ ወደ ላይ እንዳይረጭ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ መጋረጃ ተንጠልጥሎበታል። በቃ። ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ለዚህ ነው አምስት ቀን የተጓዝኩት፤ ለዚህ ነው ጋቢ የተዘረጋው።

ርዝመቱን በምን እንደለኩት ጠየቅኳቸው። መልስ ሳይሰጡ ያን ረጅም ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ከተቱት። ጣታቸው ከከበሮው ሊደርስ ስንዝር ቀረው። «የኔ ካልደረሰ የማንም አይደርስም» አሉ። ሙላትም ክንዱን ከተተ፣ አወጣ፣ ደግሞ ከተተ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«የኔታ» አለ፣ እጁን ሳያወጣ። «ኩሽኔታው ለምን እንደሚቃጠል ልንገርዎት?»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። «ሰኞ ና» አሉት። «ከበሮውን አውርጄ እጠብቅሃለሁ።»

ሰኞ! ስድስት ዓመት ውኃ ሲያፈሱበት ኖረው መልሱ ደጃቸው ሲመጣ ለነገ ይቀጥሩታል። በመሐላዬ ታስሬ ባልሆን እዚያው እነግራቸው ነበር። ሙላት ግን ሲስቅ አየሁት። ቁምጣውን ለአውድማዋ እመቤት እንዲያደርሱልኝ አደራ ብዬ ለወይዘሮ እናና ሰጠሁ፤ ስለ ወንፊቱም ቀድሞ ለእሷ እንዲነገራት ለመንኩ።

መልስ

ሰኞ ስነሳ ወይዘሮ እናና ድፎ ዳቦና አንድ ቅል ማር አሸከሙኝ። የሻገተውን የአዳማ ዳቦ ከሻንጣዬ ሲያዩት ስላልተመጋገብነው ነው የሻገተው ብለው ሳቁ። በመልሱ መንገድ የሆነውን አልጽፍም፤ ሚኒባሱ ከሞላ በኋላ ቆመ ብል ይበቃል።

አዳማ በገባሁ ማግስት ጉሮሮውን መቁረጥ ጀመርኩ። ከላሜራው ማዶ ያለው ጎረቤቴ ተስፋዬ እሱም መፈልፈያ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ የራሱን አፍ ሲቆርጥና ሲበይድ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ስለ ምን እንደሆነም አውቃለሁ፣ አንድ ቀን ግን ተጠያይቀን አናውቅም። መብያጃዬን ሲሰማ በላሜራው ጫፍ አንገቱን አሰገገ። እጄ ሳላዘው ጉሮሮውን ሊሸፍን ወደ ሸራ ሄደ። ጎጃም ላይ ያን ሁሉ የተነጫነጭኩት እኔው ራሴ ሸራ ስፈልግ ተገኘሁ። ሸራውን ወርውሬ «ና፣ ያን ጫፍ ያዝልኝ» አልኩት።

የመጀመሪያውን ጉሮሮ ወደ ነጌሌ የወሰድኩት በሳምንቱ ነው። ወይዘሮ ጫልቱ በቆሎዋን ከምራ ነበር። በማሽኑ ላይ ስገጥመው ቆማ አየችኝ። ሞተሩ ሳይነሳ ቀረብ አለችና ደኅናውን ግራ እጇን በጉሮሮው ከተተች፤ እስከ ክርኗ፣ እስከ ትከሻዋ፣ ጉንጯ ላሜራውን እስኪነካ ድረስ። ጣቶቿን ውስጥ አንቀሳቀሰቻቸው። ምንም አልነኩም።

ይህ ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ። ጎጃም ካለ ሰው ነው አልኳት። ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ጠየቀችኝ።

«አምስት ቀን» አልኩ።

እጇን አወጣች። ሁለቱን እጆቿን አንድ ላይ አድርጋ አየቻቸው፤ እኔም አብሬ አየኋቸው።

«አምስት ቀን ብቻ» አለች። ከዚያ በቀኝ እጇ ክምሩን አሳየችኝ። «በል፣ አስነሳው። በቆሎው እየጠበቀ ነው።»